ፀጉራሙ፣ ቡናማውና አምስተኛው ቤት

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤ እጨርስና ተነሥቼ መንጎራደድ እጀምራለሁ። ባለቤቴ "አንተ እኮ ቅዳሴ ላይ እንኳ እግርህ ይሄዳል" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። እንጀራዬ ደግሞ የማይሆን ቦታ አቆመኝ፤ ካዚኖ ውስጥ የብላክጃክ ዲለር፣ ለቁማርተኞች ካርድ የማድል ሰው ነኝ። ሺፍቴ እስኪያልቅ አንድ ጠረጴዛ ኋላ እንደ ችካል ተተክዬ እውላለሁ፤ የሚንቀሳቀሰው እጄ ብቻ ነው። በዕረፍት ቀኔ ቤት ውስጥ የማልገኘው ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጥበቃ የወደቀው።

ነገሩ የመጣው መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡና እንደ ወጉ ቆመው "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። ለእኔ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ነርስ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው፤ መኪና ሲነዳ ይረጋጋል። ይህ የመጨረሻው እኔ ዘንድ የሌለ ጠባይ ስለሆነ በጣም ወድጄለታለሁ። አባቱ ደግሞ ወዳጄ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ እኔ ዲቪ የሚባል ነገር መኖሩን ሳልሰማ እዚህ ከተማ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ "እሺ፣ ይባረክ" ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን መች አርፌ! "በመጀመሪያ ዘር እንቁጠር" አልኩ።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ዘር የሚቆጥር ብዙ ሰው የለም። ሁሉም ይቸኩላል፤ አዳራሽ ቀድሞ ይያዛል፣ ዘር በኋላ ይታሰባል። የአባቶቻችን ሕግ ግን ግልጽ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰባት ቤቴን እንደ ውኃ የምጠጣው ሰው ነኝ። በተለይ አምስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጎላል፤ እሱ ደብር ያስደበረ፣ በፈረስ ስሙ አገር ያወቀው ባለ ርስት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን ስለ እሱ ሳላወራላቸው ያለፈ አንድ ፋሲካ የለም።

እኔ ስቆጥር ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ሰሙ። ቀጥለው ትልቁ ሽማግሌ የልጁን ወገን ቆጠሩ። አራተኛውን አልፈው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። እኔም ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ስም ብቻ ቢሆን አገሩ ሁሉ ሞክሼ ነው፤ የፈረስ ስሙም አንድ፣ የተቀበረበት ደብርም አንድ ሆነ።

"ይኼ ከሥሩ ይጣራ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አገር ቤት ያለችው የአባቴ እኅት ብቻ ናት፤ የቤተሰባችንን ዘር በቃሏ ይዛ የቀረችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቅዳሜ ቀጠሩንና የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ልጄ እንግዶቹ እንደወጡ ከክፍሏ መጣች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት። "ዳዲ፣ ፊፍዝ ጄኔሬሽን ነው እኮ! እንደዚያ ከሆነ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው" አለችኝ።

"ሰባት ቤት ነው ልጄ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።"

"ካውንት ያደረግከው ግን አንተ ነህ" አለችና ተመልሳ በሩን ዘጋችው።

ባለቤቴም በበኩሏ "እኔን ስታገባ ሦስተኛው ላይ ሰልችቶህ ተውከው፤ ዛሬ ምን ነካህ?" አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት የእኔ ሥራ ነው።

በማግስቱ ስደውል የአክስቴ ጎረቤት አነሡ። አክስቴ ጠበል ወርዳለች፤ ሱባኤዋን ሳትፈጽም አትመለስም፤ ያለችበት ቦታ ደግሞ ስልክ አይሠራም። "ሰው ልላክባት?" ብላቸው "ሱባኤ ላይ ያለን ሰው ስለ ጋብቻ ያስቸግሯል?" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ጠረጴዛ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ሎከር ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ብሬክ በተሰጠኝ ቁጥር እንደ እብድ እሮጣለሁ። ካርድ ስበውዝ ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ተጫዋቾች ማን ከማን እንደሚመሳሰል አያለሁ፤ "እነዚህስ ስንተኛ ቤት ይገናኙ ይሆን?" እላለሁ በልቤ። ከሥራ ስወጣ ቤቴን አልፌ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ድረስ እነዳና ዋተር ስትሪት የሚባለውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ እዘልቀዋለሁ፤ የምገዛው ነገር የለኝም፣ የማገኘው ሰው የለኝም። ቤት ስገባ ልጄ ምግቧን ይዛ ክፍሏ ገብታለች። አንድ ቀን ስታለቅስ ሰምቼ በሯ ላይ ቆምኩ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁና መለስኩት። ምን ብዬ ላባብላት? ያስለቀሳት እኔ ነኝ።

በሽታዬ ሲጠናብኝ ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ ተራራ ይዘውኝ እንዲወጡ።

ጋሼ ከታክሲ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱሳቸው ቁልቋል ነበር። ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ያለው ጓሯቸው መረገጫ እስኪጠፋ በቁልቋል ተሞልቶ ነበር። የበረሃውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሳቸው የሚወዱት ግን ብርድ የሚችለውን ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቻርልስተን ተራራ ላይ፣ ጥዱ በሚጀምርበት ከፍታ የሚበቅለውን፣ የብርዱን ወራት በረዶ ሥር ተኝቶ የሚያሳልፈውን። ከዱር አይነቅሉም ነበር፤ ወጥተው ያያሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይለያሉ።

መጀመሪያ ይዘውኝ የወጡት በሰኔ ነበር፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ገና አልመጣም። ያን ቀን ራሴን አዋርጄያለሁ። ጋሼ ተሰብሮ የወደቀ አንድ ዝርግ ቅጠል አንሥተው በቢላ ሲሰነጥቁት "ኧረ ጋሼ፣ ዓይንዎን!" ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል ተብለን አይደል ያደግነው? ጋሼ እየሳቁ የተሰነጠቀውን አሳዩኝ። ውስጡ አረንጓዴና የሚያዳልጥ ነው፤ አንድ ጠብታ ወተት የለውም።

"ያ የእኛ አገሩ ቁልቋልና ይኼ ዘመድ አይደሉም" አሉ። "ደረቅ አገር ስለኖሩ መልካቸው ተመሳሰለ እንጂ በዘር አይገናኙም። አሁን ደግሞ በዘር የሚገናኙትን ላሳይህ፤ ሥራ ማለት እነሱን መለየት ነው።"

ሁለት ናቸው። አንደኛውን ፀጉራሙ እለዋለሁ፤ ፈረንጆቹም በድብ ስም ነው የሚጠሩት። እሾኹ ረጅም፣ ቀጭንና ነጭ ነው፣ ሲነኩት ይተጣጠፋል፤ ቅጠሉን ከታች እስከ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ቡናማው ነው። የእሱ እሾህ ወፈር ብሎ ሥሩ ላይ ቡናማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለውም የቅጠሉ የላይኛው ግማሽ ላይ ነው። ይህን እንደሰማሁ "በቃ፣ ገባኝ" አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ትንሽ ራመድ እንዳልን ጥላ ሥር ያደገ፣ ፀጉሩ የሳሳ ፀጉራም አገኘሁና ቡናማ ነው ብዬ ፈረድኩ።

"በአበባ አትፍረድ፣ ሁለቱም ቢጫ ያብባሉ" አሉኝ። "በእሾህ ብቻም አትፍረድ፣ ጥላና ፀሐይ ይለውጠዋል። ፍሬው እስኪበስል ጠብቅ። የፀጉራሙ ፍሬ እሾህ እንደለበሰ ደርቆ ገለባ ይሆናል። የቡናማው ግን እሾህ የለውም፣ ወይን ጠጅ መስሎ ውኃ ይይዛል። እስከዚያ ድረስ ስም አትስጠው።"

ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ቅጣት ነው። እንዲያውም ፍሬው ቶሎ እንዲበስል የማስገድደው ይመስል በባዶ እጄ ጨበጥኩትና ዓይን የማያየው ጥቃቅን እሾህ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሥራ ላይ ካርድ ባነሣሁ ቁጥር ይወጋኛል። አንድ ተጫዋች ፊቴ ሲኮማተር አይቶ የተሸፈነው ካርዴ መጥፎ መሰለው፤ ተማምኖ አስያዘ፣ ተበላ። እኔን እያየ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አሁን በጥበቃው ጊዜ ግን ፍሬው በስሏል። በዕረፍት ቀኔ ሁሉ እንወጣለን፤ ጋሼ ይንበረከካሉ፣ እኔ እዞራለሁ። ስለ ልጆቹ አንድም ቀን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም። ስለ ቁልቋል ብቻ ነበር የምናወራው፤ ሁለታችንም ግን ሌላ ነገር እንደምናስብ እናውቃለን።

አክስቴ ተመለሰች። ሥራ ጨርሼ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አገኘኋት። ጠበሉ አድሷት ድምጿ ጠርቷል። ታሪኩን ነገርኳት።

"የአንድ ሰው ልጆች እኮ ናቸው!" አለች። "ታላቁ እኛን ወለደ፣ ታናሹ እነሱን። ምኑ ነው ያጠራጠራችሁ?"

"እታለም፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"ስሜን ትጠራጠራለህ? ዘር ከልጓም ይስባል፤ ለዚህ ነው የተፈላለጉት። በል፣ ሳይባባስ ልጆቹን አለያይ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መኪናውን ማስነሣት አቃተኝ። ልጄን በገዛ ምላሴ እንደቀጣኋት ገባኝ። ደብር አስደበረ እያልኩ ስኮራበት የኖርኩት ሰው መጥቶ ደስታዋ ላይ ቆመ። ተቃጠልኩ። ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ከሁሉ በፊት ጋሼ ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ሐሙስ ጠዋት ይዣቸው ወጣሁ። ሃይዌዩ ላይ እንደ ልማዴ ስሸመጥጥ "ቀስ በል፣ ቁልቋሉ አይሸሽም" አሉኝ።

ተራራው ላይ ብርዱ ጀምሯል። ቁልቋሎቹ ውኃቸውን እየጣሉ ተጨማደው መሬት ላይ መተኛት ይዘዋል። ውኃ የሞላው ቅጠል በረዶ ሲያገኘው ይፈነዳል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይጎድላሉ፣ ያንሳሉ። የማያውቅ ሰው ሞቱ ብሎ ይነቅላቸዋል። ጋሼ አንዱ ቁጥቋጦ ፊት ተንበርክከው ማጉያ መነጽራቸውን አወጡ።

"ይኼንን ምን ትለዋለህ?"

"ፀጉራሙ።"

"ፍሬው አልደረቀም እኮ። ተመልከት፣ ከውስጡ ውኃ አለው።"

"እንግዲያው ቡናማው ነዋ!"

"እሾኹስ? እንዲህ ያለ ፀጉር ቡናማው ላይ አይተሃል?" መነጽሩን ወደ ሥሩ አስጠጉ። "ሁለቱ በሚገናኙበት ዳገት ላይ እንዲህ ዓይነት ይበቅላል። ተዳቅለው ይሆናል። አንዱን ስም ልትሰጠው..."

"ጋሼ፣ አንዱን ይበሉትና እንሂድ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ማዶውን መትቶ ተመለሰ።

ቀና ብለው አዩኝ። "አክስትህ ተመለሰች" አሉ።

"ተመለሰች።"

"ገጠሙ?"

"ገጠሙ ጋሼ። አምስተኛው ላይ። እኔና እርስዎ የሁለት ወንድማማቾች ዘር ነን።"

መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ዙሪያቸውን እዞራለሁ።

"ቁጭ በል።"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ቆመህ ስማኝ" አሉ። "እኔ የዚያ ቤት ሰው አይደለሁም።"

እናታቸው፣ አባታቸው ተብሎ በሚታወቀው ሰው ቤት ልትፈጭና ልታበስል የገባች ሴት ነበረች። ስትገባ ነፍሰ ጡር ናት። ያስረገዛት ከሩቅ አገር የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ተመልሶ አልመጣም። የቤቱ ጌታ ደግሞ ልጅ ያልወለደ ሰው ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ ሰው ሰብስቦ "ልጄ ነው" አለ፤ በስሙ አሳደገው፤ አገሩም እንደዚያው አመነ። ጋሼ እውነቱን ከእናታቸው አፍ የሰሙት ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲሰናበቷት ነው።

"'ልጄ ነው' አለ፣ አለቀ" አሉኝ። "አንድም ቀን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አላየሁበትም። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ መታኝ ብዬ ባለቅስለት የልጁን አባት ሊደበድብ ሄዶ እሱው ተደብድቦ መጣ።" ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ጠፋባቸው። "ካምፕ ስደርስ አባትህ ማነው ሲሉኝ እሱን ጠራሁ። እዚህ ዜግነት ስወስድም እሱን ጠራሁ። ሚስቴ ሳታውቅ ሞተች። ልጄም አያቴ ብሎ የሚያውቀው እሱን ነው።"

እኔ መዞሬን አቁሜያለሁ።

"ቅዳሜ አብሬ እመጣለሁ" አሉ። "ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ልጆቹ በእኔ ዝምታ አይለያዩም።"

ይህን ልጽፈው ፈቃድ ስጠይቃቸው "እኔ ካለፍኩ በኋላ" ብለውኝ ነበር፤ አልፈዋል። ልጄም ሆነች ልጃቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። ያነበበ ሰው ከነገራቸው ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልጄ ተረፈች። ግን ዓርብን ሙሉ እግሬ አላረፈም። ጠረጴዛዬ ላይ ካርድ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩና አለቃዬ ቀይሮ አሳረፈኝ። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሆነውን አውቃለሁ። "ለካ የእገሌ ልጅ አይደሉም" ይባላል፤ በአዘኔታም ቢሆን ይባላል። አንድ ሰው ሰው ሰብስቦ "ልጄ ነው" ያለው፣ አሁን ሌላ ሰው ተሰብስቦ አይደለም ሊባል ነው። የሚለውም ያ ልጅ የተባለው ሰው ራሱ ነው።

ቅዳሜ መጡ። ጋሼ ጥቁር ኮት ለብሰው ሽማግሌዎቹን ተከትለው ገቡ። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ባለቤቴ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆመች።

"እንግዲህ ከአክስትህ ምን ተሰማ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ተነሡ። "ከዚያ በፊት እኔ ስለ አባቴ የምናገረው አለኝ" አሉና ኮታቸውን ቆለፉ። "አባቴ..." ብለው ጀምረው ተዉት። እንደገና "አባቴ..." አሉ።

ትዕግሥት የለኝም እንጂ ትልቅ ሰው ሲናገር አላቋርጥም። ያን ቀን አቋረጥኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኔ ይቅደም። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ ብድግ ብዬ። "አክስቴ አረመችኝ። ያ አምስተኛ ብዬ የቆጠርኩት ሰው የእኛ ወገን አይደለም። ለአራተኛው አያቴ የእንጀራ አባቱ ነው። አሳደገው እንጂ አልወለደውም።"

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን አፍጥጠው "ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን በሰው አባት ነው ስትኮራብን የኖርከው?" አሉ።

"በሰው አባት" አልኩ።

"በየፋሲካው ያን ደብር ስታስደብርብን!" አሉ ሌላው፤ ሳቃቸው እንባ አመጣባቸው። ሦስቱም ሳቁ። ባለቤቴ እልል አለች። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። እንደቆሙ ፊቴን አዩኝ፣ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው የኮታቸውን ቁልፍ ፈትተው ተቀመጡ።

"እርስዎስ ስለ አባትዎ ምን ሊሉ ነበር?" አሏቸው ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጋሼ ዞረው።

"በሕይወት ኖሮ ይኼን ቢያይ ደስ ይለው ነበር ልል ነው" አሉ።

ልጄ ከደረጃው ወረደች። ዓይኗ አብጧል፤ ሳቁ አልተጋባባትም። ፊቴ መጥታ ቆመች። "ዳዲ፣ ይኼን ሁሉ ቀን ያለቀስኩት አንተ መቁጠር ስለማትችል ነው?" አለችኝ።

ጋሼ ሊናገሩ ከወንበራቸው ሲነሡ አየሁ። ቀደምኳቸው።

"አዎ ልጄ" አልኳት። "መቁጠር አልችልም።"